የጆርናል አርታኢ ሆናችሁ ከተመደባችሁ፦ ከይሉኝታ በፊት ደንብ

አገራችን ውስጥ የሳይንስ ጆርናል አርታኢ ለመሆን ማመልከቻ ያስገባ ሰው አላውቅም። ስብሰባ ላይ ስም ይጠራል፣ ቤቱ ያጨበጭባል፣ በሳምንቱ የምደባ ደብዳቤ ይደርሳል። የማስተማሩ ሰዓት አይቀነስም፤ የሚማከሩት ተማሪዎችም አይቀነሱም። ሥልጠና የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ጥሩ የሚያስተምርና ጥቂት ያሳተመ ሰው አርታኢነትም መቼም አያቅተውም ተብሎ ይታሰባል።

እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጤና ጆርናል ውስጥ ተባባሪ አርታኢ ሆኜ ጀመርኩ፣ ኋላ ዋና አዘጋጅ ሆኜ ቆየሁ፣ አሁን አስረክቤ ወጥቻለሁ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። ጆርናሉም አለ፣ ሰዎቹም አሉ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ተመድባ «ከየት ልጀምር?» ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። በስልክ የነገርኳትን ነው እዚህ ያሰፋሁት።

ሥራውን ከሩቅ ለሚያየው የአርታኢ ራስ ምታት ደካማ ጽሑፍ ይመስላል። ደካማ ጽሑፍማ ቀላል ነው፤ ይመለሳል። የሚያደክመው ይሉኝታ ነው። የምትመልሱት ጽሑፍ ያስተማራችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። ወይም ቢሮ የምትጋሩት ሰው፣ ወይም ነገ የእናንተን ፕሮሞሽን የሚያየው ኮሚቴ አባል። ዞሮ ዞሮ ለልጅቷ ያልኳት አንድ ነገር ነው፦ እምቢታው ካንቺ አፍ ሳይሆን ከደንብ ይውጣ።

ስረከብ የተሰጠኝ አንድ የኢሜይል ፓስዎርድና አንድ ፍላሽ ነበር። ኢሜይሉ ውስጥ ያልተከፈቱ ጽሑፎች፣ «ፔፐሬ የት ደረሰ?» የሚሉ መልእክቶች፣ የዘርፉ ባለሙያዎች ጽሑፍ አይተው የላኳቸው፣ ለደራሲዎቹ ማድረሱ የተረሳ ግምገማዎች ተደበላልቀው ተቀምጠዋል። የትኛው ጽሑፍ ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው እንደተመለሰ የሚያውቀው የቀድሞው አዘጋጅ ጭንቅላት ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ለትምህርት ውጭ ሄደዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዬ ሳይንስ ሳይሆን መዝገብ ነበር። ተራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ከፈትኩ፦ መለያ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የተላከላቸው ገምጋሚዎች፣ የተላከበት ቀን፣ መልስ የመጣበት ቀን፣ ውሳኔው፣ ውሳኔውን የሰጠው ሰው፣ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች እንዳትዘሏቸው። ከዓመት በኋላ አንድ ሰው ቢሮ መጥቶ «የኔ ለምን ተመለሰ? የእገሌ ለምን አለፈ?» ሲል የሚያድናችሁ እነሱ ናቸው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ደራሲ ጻፍኩ። «ጽሑፍዎ እጃችን ላይ ነው፣ አሁንም እንድናየው ይፈልጋሉ?» የሚል አጭር ደብዳቤ ነው። ገሚሱ ሌላ ቦታ አሳትሞ ጨርሷል። አንዱ «ለማስተርስ የሠራሁት ነበር፣ አሁን ፒኤችዲዬን ልጨርስ ነው» ብሎ መለሰልኝ። በቁጣ አልጻፈም፣ እንደ ቀልድ ነው ያለው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሶፍትዌር ካስፈለጋችሁ ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ አለ። ካናዳ የሚገኝ ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት ከ2001 ጀምሮ በነፃ የሚያቀርበው ነው (የውጭውን ነገር ሳነሣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ደራሲው ራሱ ገብቶ ጽሑፉ የት እንደደረሰ ያያል፤ በዚህ ብቻ የስልኩ ጥሪ ግማሽ ይቀንሳል። ግን መብራት ሲሄድና ሰርቨሩ ሲተኛ እናንተም አብራችሁ እንዳትተኙ የኤክሴሉን ቅጂ አትተዉ። ባክአፑም እዚያው ሰርቨሩ ላይ አይቀመጥ። ይህን ማለት የሌለብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ግን አይቻለሁ።

ቀጥሎ፣ ሳይገመገም መመለስን ልመዱ። መጀመሪያ አካባቢ ከቦርዱ አንዳንዶቹ ነውር አድርገው ያዩት ነበር። «ሰው ለፍቶ ጽፎ፣ ቢያንስ ገምጋሚ ይየው እንጂ» ይላሉ። ደግነቱ ይገባኛል። ነገር ግን መጨረሻው ከታወቀ ጽሑፉን ስድስት ወር ማንከራተት ደግነት አይደለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ሌላ ቦታ ቢልከው ይሻለዋል። እኛ ያደረግነው ከሦስት ጉድለቶች አንዱ ያለበት ጽሑፍ ወደ ገምጋሚ እንዳይሄድ ነው፦ ከጆርናሉ ዘርፍ ውጭ ከሆነ፣ የኢቲክስ ፈቃዱ (ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሰጠው) ካልተያያዘ፣ ናሙናው እንዴት እንደተመረጠ ካልተጻፈ። ሦስቱን በአንድ ገጽ አድርገን የደራሲዎች መመሪያ ውስጥ አስገባናቸው። የመመለሻው ደብዳቤም ያንን ገጽ ይጠቅሳል፤ «ተባባሪ አርታኢዋ አልወደደችውም» አይልም።

የኢቲክስ ፈቃዱን ስታዩ ቀኑን እዩ። ይህ የእኛ አገር ልዩ ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። አንድ ጽሑፍ መጣልን። መረጃው መሰብሰብ የተጀመረው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2022 ነው ይላል። የተያያዘው የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ያለው ቀን 12/06/2014 ነው። ላይ ላዩን ስታዩት ፈቃዱ ከስምንት ዓመት በፊት የተሰጠ ይመስላል፤ ውጭ አገር ያለው ገምጋሚም በጁን 2014 የወጣ መስሎት «ይህ ፈቃድ የዚህ ጥናት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ደብዳቤው ግን በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የካቲት 12 ቀን 2014 ማለት በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2022 ነው። ገምጋሚው የጠረጠረው ችግር የለም፤ ያላየው ሌላ ችግር ግን አለ። መረጃ መሰብሰቡ የተጀመረው ፈቃዱ ከመሰጠቱ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ነው።

ደራሲው «በቃል ፈቅደውልን ነበር፣ ደብዳቤው ነው የዘገየው» አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ወደ ኋላ ሄዶ የሚሠራ ፈቃድ የለም። የኢቲክስ ኮሚቴው ራሱ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ጠየቅን፣ ደብዳቤው አልመጣም፣ ጽሑፉ አልወጣም። ስለዚህ አንድ ልማድ ያዙ፦ ጽሑፍ እንደገባ ቀኖቹን ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር ቀይራችሁ ኅዳግ ላይ ጻፏቸው። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ደራሲዎች ሆይ፣ እናንተም ከቀኑ አጠገብ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ብላችሁ ለዩልን።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭው ሥርዓት ግን የመጨረሻውን ቃል ቤተሰብ ነው ብሎ ይወስደዋል። አንድ ሰው በአንዱ ጽሑፍ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ይጠቀስና ሁለት ተመራማሪ ይሆናል። እጽዋት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይህን በአግባቡ ፈትተውታል። የፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውን ሥራ ብታዩ፣ ስም ካወጡላቸው የእሬት ዝርያዎች ጀርባ የሚጻፈው «ሰብስቤ» ነው፤ የራሳቸው ስም። ለቀሪዎቻችን የሚሻለው ከመጀመሪያው ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ማውጣት ነው። ነፃ ነው። እኛ በስተኋላ ለሁሉም ደራሲ ግዴታ አደረግነው።

አሁን ወደ ገምጋሚዎች። ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ገምጋሚ ለማግኘት ስድስትና ሰባት ሰው መጠየቅ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ። ሥራው ክፍያ የለውም፤ ሁሉም ፈተና እያረመ ነው። ጊዜውን ምረጡ። በሰሙነ ሕማማት የተላከ ጥያቄ ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት መልስ አያገኝም። የሴሚስተር ማብቂያም እንደዚያው ነው። ኢሜይል ብቻ ልካችሁ አትጠብቁ፤ ቴሌግራም ላይ «ዶክተር፣ ኢሜይል ልኬልዎት ነበር፣ ካልተመቸዎ በአንድ ቃል ይንገሩኝ፣ አልቀየምም» በሏቸው። «አልቀየምም» የምትለዋ ቃል ብዙ ሥራ ትሠራለች። ሰው ዝም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ማለት አፍሮ ነው።

ጨርሰው ሲልኩላችሁ ደግሞ የምስጋና ደብዳቤ በማኅተም ስጧቸው። ለዓመታዊ የሥራ ምዘናቸው ይረዳቸዋል። ይህን ከጀመርን በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ስንጠይቃቸው እሺ የሚሉን በዙ።

የደራሲው ጥቆማ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ጆርናሎች ደራሲው ገምጋሚ እንዲጠቁም ይፈቅዳሉ። ከዚህ የመጣውን ጉድ ዓለም ያውቀዋል። በ2012 አንድ የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪ የጠቆማቸው ገምጋሚዎች ኢሜይል የሚከፈተው በራሱ ወይም በወዳጆቹ እጅ እንደነበረ ተደረሰበት። አርታኢውን ያስጠረጠረው ነገር ግምገማዎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ መመለሳቸው ነው። ባዮሜድ ሴንትራል በ2015 43 ጽሑፎችን፣ ቱመር ባዮሎጂ የተባለው ጆርናል ደግሞ በ2017 107 ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ የሰረዙት በተመሳሳይ የሐሰት ግምገማ ነው። ሥራ የበዛበት ፕሮፌሰር በአንድ ሌሊት «እጅግ ግሩም ሥራ፣ ያለ ማሻሻያ ይታተም» ብሎ ከመለሰ ደስ አይበላችሁ።

መጽሐፉ «የተቋም ኢሜይል ብቻ ተቀበሉ» ይላል። እኛ ዘንድ ግን ይህ አይሠራም። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሲሠራ ሳይሠራ ስለሚከርም አንቱ የተባሉት ሰዎች ሳይቀሩ ጂሜይልና ያሁ ነው የሚጠቀሙት። እኔ ያገኘሁት መላ ይህ ነው፦ ሰውየው ከዚህ በፊት ካሳተመው ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን ኢሜይል ተመልከቱ። ከተጠቆመው ጋር አንድ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ዲፓርትመንቱ ጋ ደውሉ። አንድ ጊዜ ስደውል ራሳቸው አነሱና «እኔ? ምን ገመገምኩ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ገምጋሚ ከደራሲው ጥቆማ እንዳይሆን በደንብ ተጻፈ።

ቁጥር ላይ ሁላችሁም ስታቲስቲሺያን መሆን የለባችሁም። የመደመርና የማካፈል ያህል የምታውቁ ከሆነ ብዙ ነገር ታያላችሁ። ኒክ ብራውንና ጄምስ ሄዘርስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ያስተዋወቁት ቀላል ፍተሻ አለ። ከ1 እስከ 5 ነጥብ በሚሰጥበት ጥያቄ ላይ 20 ሰዎች መልሰው አማካዩ 3.47 ሊሆን አይችልም። ድምሩ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ለ20 ሲካፈል ወይ 3.45 ነው ወይ 3.50 ነው የሚመጣው። በመካከል ሌላ ቁጥር የለም።

መቶኛም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል። አንድ ጽሑፍ «ከ18 ታካሚዎች 35 በመቶዎቹ» ይላል። 6 ሰው 33.3 በመቶ ነው፣ 7 ሰው 38.9 ነው። 35 ከየት መጣ? ከቦርዱ አንዱ ወዲያው «ፈጠራ ነው፣ ይመለስ» አለ። እኔ ግን ለደራሲዋ ጻፍኩላት። «ሠንጠረዥ 3 ላይ ያለው መቶኛ ከስንት ሰው ነው?» ብቻ ነው ያልኩት። አንዱ ታካሚ ለዚያ ጥያቄ መልስ አልሰጠም ነበር። 6 ከ17 ደግሞ 35.3 ነው፤ ሲጠጋጋ 35። ግርጌ ላይ አንድ መስመር ተጨመረና አለቀ። ስለዚህ ቁጥር አልገጥም ሲላችሁ ጠይቁ እንጂ አትክሰሱ። የተሳሳተ ሰው ያመሰግናችኋል፤ የፈጠረ ሰው ደግሞ ራሱ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ከባዱ። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማዕረግ ዕድገት ከኅትመት ጋር የተያያዘ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው ጆርናል ላይ መውጣት ደግሞ ዋጋ አለው። ስለዚህ የፕሮሞሽን ኮሚቴ ሊሰበሰብ ሲል ስልካችሁ ይጮኻል። አንድ ቀን የደወሉልኝ በመጀመሪያ ዲግሪዬ ጊዜ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ሰኞ ኮሚቴ ይገባል። ተቀብለነዋል የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነው የምትጽፊልኝ። ማሻሻያውን በኋላ አደርገዋለሁ።»

«ፕሮፌሰር፣ ገና አንድ ገምጋሚ ነው የመለሰው።»

«እሱማ ይመለሳል። እኔን አታውቂኝም እንዴ?»

ያውቁኛል፣ አውቃቸዋለሁ፤ ችግሩም ይኸው ነው። «ለቦርዱ ላቅርበው» ብዬ ዘጋሁ። በእውነትም አቀረብኩት። ስማቸውን አላነሳሁም፤ «እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ምን እናድርግ?» ነው ያልኩት። የቦርዱ አባላት ተያዩ። ለካ ለሁሉም ይደወላል! በዚያው ስብሰባ አራት መስመር ደንብ ወጣ። የመቀበያ ደብዳቤ የሚወጣው ሁለት ግምገማና የሁለት አርታኢ ፊርማ ሲሟላ ነው። ደብዳቤው ከሲስተሙ ብቻ ይወጣል። ስለ ውሳኔ በስልክ አይወራም። የአርታኢው አማካሪ፣ ተማሪ፣ ዘመድ ወይም የቢሮ ባልደረባ የጻፈውን ሌላ አርታኢ ይይዘዋል።

ለፕሮፌሰሩ ደወልኩና ደንቡን አነበብኩላቸው። ቅር አላቸው፤ አልዋሽም። ለተወሰነ ጊዜ ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ነበር። ግን «ልጅቱ ከለከለችኝ» ማለት አልቻሉም፤ የከለከላቸው ወረቀት ነው። ጽሑፋቸው በማሻሻያ አልፎ በሚቀጥለው ዕትም ወጣ። አርታኢ ሆናችሁ በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻላችሁ ይህን ደንብ አስጸድቁ። ጭቅጭቅ ከመጣ በኋላ የሚወጣ ደንብ በሰው ላይ ያነጣጠረ ይመስላል። ቀድሞ ከወጣ ለማንም አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ጉዳይ ግን ከታተመ ጽሑፍ የመጣው ነው። አንድ ወጣት በኢሜይል «ይህ ጽሑፍ የማስተርስ ቴሲሴ ነው፣ ስሜ የለበትም» ብሎ ጻፈልን። ቴሲሱን አያይዞታል። ሠንጠረዦቹ አንድ ናቸው። የታተመው ጽሑፍ ላይ ያለው የአድቫይዘሩና የአንድ ሌላ ባልደረባ ስም ነው።

አንዳንዱ «ፒዲኤፉን ከድረ ገጹ አንሱትና ነገሩ ይብረድ» አለ። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ። የታተመ ነገር ሰው አውርዶታል፣ ጠቅሶታል፤ በድንገት ሲጠፋ የሚጠፋው የጆርናሉ እምነት ነው። ላንሴት በ1998 ያወጣውን የአንድሩ ዌክፊልድን የክትባትና የኦቲዝም ጽሑፍ በ2010 ሲሰርዘው እንኳ ከድረ ገጹ አላጠፋውም። ዛሬም ገብታችሁ ታገኙታላችሁ፤ «የተሰረዘ» የሚል ምልክት በትልቁ ተለጥፎበት። ሌላው ደግሞ «እንግዲያው እንሰርዘው» አለ። በ1997 የተቋቋመው ኮፕ የሚባለው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ለእንዲህ ዓይነቱ ጣጣ ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ ሥዕላዊ መመሪያዎች አሉት፤ በነፃ ይገኛሉ። እነሱን ስናይ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጥያቄው የደራሲነት ብቻ ከሆነና ውጤቱ ካልተጠረጠረ ማረሚያ ይወጣል እንጂ ጽሑፉ አይሰረዝም። ብንሰርዘው ኖሮ የምንቀጣው መረጃውን የሰበሰበውን ልጅ ራሱን ነበር።

ለአድቫይዘሩ ጻፍን። መልሱ «ተማሪው ተመርቆ ከሄደ በኋላ ስልኩ አልሠራ ብሎኝ ነው» የሚል ነበር። ጉዳዩን ለሚሠሩበት ተቋም አሳወቅን፤ ጆርናል ማስረጃ ያቀርባል እንጂ ሰው አይመረምርም፣ ይህ የተቋሙ ሥራ ነው። ወራት አለፉ። ከዚያ የመጣው ደብዳቤ «ጉዳዩ በሽምግልና በመግባባት ተፈቷል» ይላል። ልጁም «ቅሬታዬን አንስቻለሁ» ብሎ ፈርሟል። ሽማግሌ ተልኮበት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አርታኢ ተመስገን ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል። ዕርቁን አልጠላሁትም፤ ሰዎቹ አብረው ይኖራሉ። ግን ጽሑፉ ላይ ያለው ስም አልታረቀም። አንባቢው አሁንም ሥራውን የሠራው ማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፍን፦ በመስማማታችሁ ደስ ብሎናል፣ እንግዲህ ሦስታችሁም የምትፈርሙበት የደራሲያን ዝርዝር ላኩልን። ዕርቅ ስለነበረ መፈረሙ ቀላል ሆነ። ሽምግልናው ሳያስበው ጠቀመን። ማረሚያው ወጣ፣ የልጁ ስም መጀመሪያ ላይ ገባ፣ ማረሚያውና ጽሑፉ እርስ በርስ እንዲያያዙ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ማስገቢያ ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርን፦ «ይህ ሥራ ከቴሲስ የወጣ ነው? የማን ቴሲስ?» ደራሲ ማን ነው ለሚለው ደግሞ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣቸውን አራት መስፈርቶች ወሰድን። በሐሳቡ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፤ መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። አራቱም መሟላት አለባቸው። ዲን መሆን ከአራቱ ውስጥ የለም። ገንዘብ ማምጣት ብቻውንም የለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገሩን ሁሉ አመሰቃቅሎታል ይባላል። በከፊል ልክ ነው። ሆኖም የቃላት መቀያየር ሶፍትዌር ከዚያ በፊትም ነበር። ጊዮም ካባናክና ባልደረቦቹ በ2021 እንዳሳዩት፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ እንዳይታወቅ በሶፍትዌር ሲገለበጥ «ብሬስት ካንሰር» (የጡት ካንሰር) የነበረው «ቡዝም ፔሪል» (የደረት አደጋ እንደ ማለት) ሆኖ ይወጣል። ሐኪም የሆነ ሰው እንዲህ አይጽፍም። የኛ ልጆች እንግሊዝኛቸው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ቋንቋውን ለማስተካከል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢጠቀሙ አይከፋኝም፤ ይግለጹት ብቻ። የማይታለፈው የሌለ ማጣቀሻ ነው። ከማጣቀሻ ዝርዝሩ ሦስት ያህል አንሡና ፈልጓቸው። የጆርናሉ ስም አለ፣ ዓመቱ አለ፣ ጽሑፉ ግን በዓለም ላይ የለም? ተመላሽ ነው። ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል። ያ ሁሉ ሲያልፍ አርታኢ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የሚፈትሽ ጊዜ ያለው ሰው ነው ያልነበረው።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ምክንያቱም የለም። በ1665 የመጀመሪያዎቹን የሳይንስ ጆርናሎች አንዱን ለንደን ላይ የጀመረው ሄንሪ ኦልደንበርግ ከሽያጩ አተርፋለሁ ብሎ ብዙም አላገኘም። ጭራሽ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በሚጻጻፈው ደብዳቤ ተጠርጥሮ በ1667 ታሰረ። እኛ ቢያንስ አልታሰርንም። በወጪ በኩል ግን ልትቆጥቡ የምትችሉት አለ። ክሮስሬፍ፣ ዲኦአይ የሚባለውን የጽሑፍ ቋሚ መለያ የሚሰጠው ድርጅት፣ ከ2023 ጀምሮ አነስተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የአባልነትና የምዝገባ ክፍያ አንሥቷል፤ ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ዶአጅ የሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ለመመዝገብ አያስከፍልም። መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ደግሞ የብዙ የአገራችን ጆርናሎች ቤት ነው። ስለዚህ «ዲኦአይና ኢምፓክት ፋክተር በሳምንት እናወጣላችኋለን፣ ይህን ያህል ዶላር ክፈሉ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ (ኢምፓክት ፋክተር የጆርናሉ ጽሑፎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ነው) ወደ ፋይናንስ ክፍል አትሩጡ። ሰርዙት።

የመጨረሻው፣ ስትመደቡ የሚያበቃበትን ቀን ደብዳቤው ላይ አስጽፉ። ሦስት ዓመት ጥሩ ነው። ቀን የሌለው ምደባ ሰው እስኪታክተው ይቀጥላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ፍላሽና ፓስዎርድ ጥሎ ይጠፋል። ከመውጣታችሁ ሦስት ወር በፊት ተተኪያችሁ አብሯችሁ ይቀመጥ፤ የእናንተን ውሳኔ ይይ፣ ጥቂቱን ራሱ ይወስን። ኢሜይሉን በራሳችሁ ስልክ ቁጥር አትመዝግቡት፤ የማረጋገጫ ኮዱ ለዓመታት እናንተ ጋ ይመጣል። በእያንዳንዱ ያላለቀ ጽሑፍ ትይዩ የሚቀጥለው እርምጃ ምን እንደሆነ ጻፉ፦ «ሁለተኛ ገምጋሚ ይጠበቃል፣ እስከ ጥር 15 ካልመለሰ ሌላ ይፈለግ» ዓይነት። ለልጅቷ ባለፈው ሳምንት የራሴን የድሮ ሰንጠረዥ ባዶውን ልኬላታለሁ። ዓምዶቹን እንደ ጆርናሏ ትቀያይረው፤ «ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር» የሚለውን ብቻ እንዳትነካ ነግሬያታለሁ።